ሳይሰበር ዋጋ ያጣ ዕቃ
ስለ ስቴሬዎስኮፕ ኮምፒዩተር አተካከልና ነጋዴው ሊያደርገው ስለሚገባው ጥንቃቄ

አንድ ዕቃ ሳይሰበር፥ ሳይዝግ፥ ብል ሳይበላውና እርጥበት ሳያገኘው በመጋዘን እንደ ታሸገ ተቀምጦ ሳለ ዋጋውን ሊያጣ ይችላልን? የጨርቅ ወይም የቆርቆሮ ነጋዴ ለዚህ ጥያቄ «አይችልም» ብሎ ቢመልስ አይፈረድበትም። የኮምፒዩተር ዕቃ ነጋዴ ግን «አዎን፥ ይችላል» ይላል። ለዚህም ጥሩ ምስክር የሚሆነው፥ ሥዕልን ጠፍጣፋ ሳይሆን ቅርብና ሩቅ፥ ጥልቀትና ውፍረት ያለው አድርጎ የሚያሳየው የስቴሬዎስኮፕ መሣሪያ ነው።

ይህ መሣሪያ በጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጥ ኮምፒዩተር ጋር ተጋጥሞ የሚሠራ ሲሆን፥ ፈላጊዎቹም ልዩ ልዩ ናቸው። ከአየር ላይ በተነሡ ፎቶግራፎች ካርታ የሚሠሩ ባለሙያዎች፥ የሕንፃ ንድፍ አውጪዎች፥ የሕክምናና የኬሚስትሪ መምህራን፥ እንዲሁም በኮምፒዩተር ጨዋታ የሚዝናኑ ወጣቶች ይፈልጉታል። ስለዚህ አስመጪውም ሆነ ባለሱቁ የዕቃውን አሠራርና አተካከል ጠንቅቆ ቢያውቅ፥ ደንበኛውን ከማሳዘንና ገንዘቡን በማይንቀሳቀስ ዕቃ ላይ ከማሰር ይድናል።

የነገሩ መነሻ

በአዋቂ ሰው በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ርቀት በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ቀኝ ዓይን የሚያየውና ግራ ዓይን የሚያየው ጥቂት ይለያያል። አንጎልም ሁለቱን አዋሕዶ የነገሩን ርቀት ይገምታል። ይህን ለማረጋገጥ የሚሻ ሰው ጣቱን ከፊቱ ቀጥ አድርጎ ያቁምና ዓይኖቹን በየተራ እየጨፈነ ይመልከት፤ ጣቱ ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ወዲያና ወዲህ ሲዘል ያየዋል።

ይህንን ምሥጢር በመሣሪያ ያስረዱት እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርልስ ዊትስተን ናቸው። በ1838 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ያቀረቡት ስቴሬዎስኮፕ፥ በማዕዘን የተጋጠሙ ሁለት መስተዋቶች ነበሩት። ተመልካቹ ፊቱን ወደ መስተዋቶቹ ሲያስጠጋ፥ በግራ የቆመው ሥዕል ለግራ ዓይን፥ በቀኝ የቆመው ለቀኝ ዓይን ይደርሳል። ፎቶግራፍ ለሕዝብ የተገለጸው በ1839 ስለ ነበረ፥ ዊትስተን የተጠቀሙት በእጅ በተነደፉ ሥዕሎች ነበር።

ከዚያ በኋላ ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር በ1849 በመስተዋቱ ፈንታ ሌንስ ያለበትን አነስተኛ መመልከቻ አስተዋወቁ። ይህንኑ የፓሪሱ መሣሪያ ሠሪ ዡል ዱቦስክ ሠርተው በ1851 ለለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ስላቀረቡትና ንግሥት ቪክቶሪያም ስለ ወደዱት ገበያው ደራ። አሜሪካዊው ሐኪም ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ደግሞ በ1861 በእጅ የሚያዝ ርካሽ መመልከቻ አውጥተው፥ የፈጠራ መብት ሳያስመዘግቡበት ማንም እንዲሠራው ተዉት። በ1939 በኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት የቀረበው ቪው ማስተር የተባለው መመልከቻም ሰባት ጥንድ ሥዕሎች ባሉት ክብ ካርድ ይሠራል፤ የጥንቱ ካርድ ከብዙ ዓመት በኋላ በተሠራ መመልከቻ ውስጥ ገብቶ ሊታይ ይችላል።

ነጋዴው እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። እነዚህ ሁሉ ዕቃዎች ከብርሃንና ከሰው ዓይን በቀር ሌላ የሚፈልጉት ነገር አልነበረም። ስለሆነም ሠሪያቸው ቢያቆምም፥ በባለሱቁ መደርደሪያ ላይ ያለው ዕቃ መሥራቱን አላቆመም።

በኮምፒዩተር ላይ ሲሆን

በኮምፒዩተር ዘንድ ችግሩ አንድ ሞኒተር ለሁለት ዓይን ሁለት የተለያየ ሥዕል እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ለዚህም ሦስት መንገዶች በብዛት ተሠርቶባቸዋል።

የመጀመሪያው የቀለም መንገድ ነው። ሁለቱ ሥዕሎች አንዱ በቀይ፥ ሌላው በውሃ ሰማያዊ ቀለም ተደራርበው ይቀርባሉ፤ ተመልካቹም እነዚሁ ቀለሞች ያሉትን የወረቀት መነጽር ያደርጋል። በማናቸውም ሞኒተር ላይ ይሠራል፤ ዋጋውም እጅግ ርካሽ ነው። ጉድለቱ የሥዕሉን እውነተኛ ቀለም ማበላሸቱና ዓይንን ማድከሙ ነው።

ሁለተኛው የሞኒተሩን መስመሮች ለሁለቱ ዓይኖች የሚያካፍለው መንገድ ነው። በሞኒተሩ ፊት የተለጠፈው ስስ ሽፋን የአንዱን መስመር ብርሃን ለግራ፥ የተከታዩን መስመር ብርሃን ለቀኝ ዓይን ይለያል። መነጽሩ ቀላልና ባትሪ የማይፈልግ ነው። ነገር ግን 1,080 መስመር ያለው ሞኒተር ለእያንዳንዱ ዓይን የሚያደርሰው 540 መስመር ብቻ ነው፤ ተመልካቹም ከፍታውን ካልጠበቀና ከሞኒተሩ ትይዩ ካልተቀመጠ ሥዕሉ ይደራረብበታል።

ሦስተኛው የመጋረጃ መነጽር ነው። ሞኒተሩ የግራውንና የቀኙን ሥዕል በየተራ እጅግ በፍጥነት ያሳያል፤ የመነጽሩም ብርጭቆዎች ከዚያው ጋር እኩል እየተከፈቱና እየተዘጉ ለየዓይኑ የራሱን ብቻ ያሳልፋሉ። ከዚህ ዓይነት እጅግ የታወቀው የአሜሪካው ኤንቪዲያ ኩባንያ በጥር ወር 2009 ያወጣው ስሪ ዲ ቪዥን የተባለው ነው። መነጽሩና በዩ ኤስ ቢ ገመድ ከኮምፒዩተሩ የሚያያዘው ምልክት ሰጪ በአንድ ሣጥን ሆነው በአሜሪካ በ199 ዶላር ይሸጡ ነበር።

አተካከሉ በተራ

ስሪ ዲ ቪዥንን ያለ ችግር ለመትከል ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ የሚመረመረው ሞኒተሩ ነው። ተራ ሞኒተር በሴኮንድ 60 ሥዕል ሲያሳይ፥ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ግን ለእያንዳንዱ ዓይን 60 እንዲደርስ በሴኮንድ 120 ማሳየት አለበት፤ ይህም 120 ሄርዝ ይባላል። በ2009 ለዚህ ሥራ ከቀረቡት አንዱ ሳምሰንግ 2233 አር ዜድ የተባለው ባለ 22 ኢንች ሞኒተር ነበር።

ሁለተኛው ገመዱ ነው። ብዙ ባለሱቅ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የተጠቀሰው ሞኒተር በአግድም 1,680፥ በቁም 1,050 ነጥቦች አሉት። ይህ ሲባዛ 1,764,000 ነጥብ ይሆናል፤ በሴኮንድ 120 ጊዜ ሲላክም ከ211 ሚሊዮን በላይ ነው። ተራው ባለ አንድ መስመር ዲ ቪ አይ ገመድ ሊያሳልፍ የሚችለው በሴኮንድ 165 ሚሊዮን ብቻ ሲሆን፥ ባለ ሁለት መስመሩ የዚህን እጥፍ ያሳልፋል። ሁለቱን ለመለየት የገመዱን ጫፍ ማየት ይበቃል፤ የባለ አንድ መስመሩ የሥዕል መርፌዎች 18 ሆነው በመካከላቸው ክፍት ቦታ ሲኖር፥ የባለ ሁለት መስመሩ 24 ሆነው ሳይቋረጡ የተደረደሩ ናቸው። ደንበኛው ሁሉንም ገዝቶ በገመድ ብቻ ቢሰናከል፥ ጥፋቱ የሚቆጠረው በሻጩ ላይ ነው።

ሦስተኛው ሥዕሉን የሚያሰላው ግራፊክስ ካርድና ይህንን ካርድ የሚያዝዘው ድራይቨር የተባለው ፕሮግራም ነው። ስሪ ዲ ቪዥን የሚሠራው ከዚሁ ኩባንያ ጂፎርስ ካርዶች ጋር ነው። ድራይቨሩ ከተጫነ በኋላ በኮምፒዩተሩ ማስተካከያ ገጽ የሞኒተሩ ፍጥነት 120 ሄርዝ እንዲሆን መታዘዝ አለበት። ሞኒተሩ 120 የሚችል ሆኖ ሳለ በ60 እንደ ተተወ ቀርቶ «መሣሪያው አይሠራም» የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነው።

አራተኛው ምልክት ሰጪው ነው። ለመነጽሩ ትእዛዝ የሚያስተላልፈው በማይታይ ብርሃን ስለ ሆነ፥ በመካከላቸው የሚጋርድ ነገር መኖር የለበትም። መነጽሩም ባትሪ ያለው በመሆኑ ከሽያጭ በፊት ኃይል መሞላት ይገባዋል፤ የመጀመሪያው ዓይነት አንድ ጊዜ ከተሞላ እስከ 40 ሰዓት ያገለግላል።

አምስተኛው ፈተናው ነው። ለግራና ለቀኝ የተለያየ ምልክት ያለበት የመፈተኛ ሥዕል ይከፈትና፥ ተመልካቹ ዓይኖቹን በየተራ ይጨፍናል። ለየዓይኑ የራሱ ምልክት ብቻ ከታየ ሥራው ተቃንቷል። ግራውና ቀኙ ተለዋውጠው ከሆነ ግን ሩቁ ቅርብ፥ ቅርቡ ሩቅ መስሎ ይታያል፤ ወዲያውም ራስን ያዞራል።

ስለ ክፍሉ መብራት

እዚህ ላይ የእኛን አገር የሚመለከት አንድ ቁም ነገር አለ። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት፥ 50 ሄርዝ ነው። በዚህ ኃይል የሚበራው የቆየው ዓይነት የፍሎረሰንት ቱቦ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ዓይን ግን ይህን አያስተውለውም። መነጽሩ በ120 ሄርዝ ሲሠራ እያንዳንዱ ዓይን በሴኮንድ 60 ጊዜ ስለሚከፈት፥ ከመብራቱ ርግብግብታ ጋር አይገጥምም። ስለሆነም ክፍሉ ሁሉ በፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚል መስሎ ይታያል፤ ደንበኛውም መነጽሩ የተበላሸ ይመስለዋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የስሪ ዲ ቪዥን ማስተካከያ ከ120 ሌላ 110 እና 100 ሄርዝ የመምረጥ ዕድል ነበረው። 100 ሄርዝ ሲመረጥ እያንዳንዱ ዓይን በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚከፈት ከመብራቱ ጋር ይስማማል፤ ብልጭታውም እጅግ ይቀንሳል። ይህ የማይመች ቢሆን ቱቦውን አጥፍቶ በማይርገበገብ መብራት መጠቀም ይቻላል። ዕቃውን በሱቁ ውስጥ ለገዢ የሚያሳይ ነጋዴ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ፥ ደህናውን ዕቃ «ብልሹ ነው» ብሎ ወደ መጋዘን አይመልሰውም።

ስለ ተመልካቹ ዓይን

የጥልቀቱ መጠን መጀመሪያ በትንሹ ተደርጎ፥ ዓይን ሲለምድ ቀስ በቀስ ሊጨመር ይገባል። መነጽሩ ወልቆ ሞኒተሩ ሲታይ ሥዕሉ ሁለት ሆኖ ይታያል፤ በሁለቱ መካከል ያለውንም ርቀት በማስመሪያ መለካት ይቻላል። እጅግ ሩቅ ለሆነው ነገር እንኳ ይህ ርቀት በዓይኖች መካከል ካለው ርቀት ሊበልጥ አይገባም፤ ከበለጠ ዓይኖች ወደ ውጭ ለመዞር ስለሚገደዱ ራስ ያምማል። በትንሹ ሞኒተር 3 ሴንቲ ሜትር የነበረው ልዩነት፥ ያው ሥዕል ሦስት እጥፍ በሚሰፋ ግድግዳ ላይ ሲጣል 9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በቢሮ ያማረው ሥዕል በአዳራሽ ተመልካቹን የሚያሳምመው ስለዚህ ነው።

እንዲሁም በሸውራራነት ወይም በአንዱ ዓይን ድክመት ምክንያት ጥልቀቱ ጨርሶ የማይታያቸው ሰዎች አሉ። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ራሱ ተቀምጦ እንዲያይ ማድረግ ለሻጩም ለገዢውም የሚበጅ ነው።

በ2019 የሆነው ነገር

ከዚህ በላይ እንደ ተገለጸው፥ የዚህ ዕቃ አካላት እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፤ ሞኒተር፥ ገመድ፥ ካርድ፥ ምልክት ሰጪ፥ መነጽርና ድራይቨር። ከእነዚህ አምስቱ በእጅ የሚዳሰሱና በመጋዘን የሚቀመጡ ናቸው። ስድስተኛው ግን በሠሪው እጅ ያለ ነው።

በመጋቢት ወር 2019 ኤንቪዲያ ከሚያዝያ በኋላ የሚወጡት የጂፎርስ ድራይቨሮች ስሪ ዲ ቪዥንን እንደማይደግፉ አስታወቀ። የመጨረሻውም ደጋፊ ድራይቨር ቁጥር 425.31 ሆነ። ከመስከረም 2020 ጀምሮ ለገበያ የቀረቡት የአር ቲ ኤክስ 30 ተከታታይ ካርዶች ደግሞ በዚህ አሮጌ ድራይቨር አይሠሩም። ይህም ማለት አዲስ ካርድ የገዛ ደንበኛ፥ ያልተከፈተ አዲስ መነጽር ከመደርደሪያ ቢወስድም በዚያው በሠሪው ፕሮግራም ሊጠቀምበት አይችልም ማለት ነው። ሣጥኑ አልተነካም፤ መነጽሩም አልተሰበረም፤ ዋጋው ግን ሄዷል።

በቴሌቪዥንም ዘንድ ነገሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በታኅሣሥ 2009 አቫታር የተባለው ፊልም ከታየ በኋላ የቴሌቪዥን ፋብሪካዎች ሁሉ ወደዚህ ዓይነት ዕቃ ሮጡ፤ ነገር ግን ሳምሰንግ በ2016፥ ኤል ጂና ሶኒ በ2017 ይህን ዓይነት ቴሌቪዥን ማውጣት ተዉ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፥ በሞቀ ገበያ ላይ ብዙ ያዘዘ ነጋዴ ሲቀዘቅዝ የሚለቅመው አያጣም።

አሮጌው ዕቃ በመጋዘኑ የቀረበት ነጋዴ ግን ፈጽሞ ተስፋ አይቁረጥ። ተስማሚ የሆነ የቀድሞ ካርድ፥ ቁጥር 425.31 ድራይቨርና ባለ 120 ሄርዝ ሞኒተር አንድ ላይ አጋጥሞ፥ የሚሠራ ሙሉ መሣሪያ አድርጎ ሊሸጠው ይችላል። በደረሰኙም ላይ «ከዚሁ ካርድና ከዚሁ ድራይቨር ጋር ብቻ የሚሠራ፤ ድራይቨሩ ቢታደስ መሥራቱን የሚያቆም» ብሎ መጻፍ ይገባዋል። ይህን ሸሽጎ መነጽሩን ለብቻው የሚሸጥ ሰው አንድ ዕቃ ይሸጥ ይሆናል፤ ደንበኛውን ግን አብሮ ይሸኘዋል።

ዛሬ በገበያ ያለው

ዛሬ አዲስ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ያለ መነጽር የሚታይ ሞኒተር ነው። በሞኒተሩ ፊት የተደረደሩ ጥቃቅን ሌንሶች ብርሃኑን ለሁለቱ ዓይኖች ይከፍሉታል፤ ከላይ ያለው ካሜራም የተመልካቹን ዓይን እየተከታተለ አቅጣጫውን ያስተካክላል። ሶኒ በ2020፥ ሳምሰንግም በ2025 ይህን ዓይነት አውጥተዋል። ሥራው ድንቅ ነው፤ ነገር ግን በእነዚህ ሞኒተሮች ጥልቀቱን በትክክል የሚያየው በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህም ለአንድ ንድፍ አውጪ የሚስማማ ሲሆን፥ ለመማሪያ ክፍል አይሆንም። ከዚህም ሌላ እነዚህ ሞኒተሮች በሠሪያቸው ፕሮግራም ላይ የተመረኮዙ ስለ ሆኑ፥ በ2019 የታየው ነገር በእነርሱ ላይ አይደርስም ብሎ መማል አይቻልም።

ከሠሪ ፕሮግራም ነጻ የሆነ ነገር ለሚፈልግ ደንበኛ ደግሞ የዊትስተን መንገድ እስከ ዛሬ ይሠራል። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ተራ ሞኒተሮች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ሁለት መስተዋቶች በማዕዘን ተጋጥመው ከተመልካቹ አፍንጫ ፊት ይቀመጣሉ። የግራው ሥዕል በግራው ሞኒተር፥ የቀኙ በቀኙ ይከፈታል። መስተዋት ሥዕልን ስለሚገለብጥ ሁለቱም አስቀድመው ከግራ ወደ ቀኝ መገልበጥ አለባቸው፤ ያለ ዋጋ የሚገኘው ስቴሬዎ ፎቶ ሜከር የተባለው ፕሮግራም ይህን ይሠራል። መስተዋቱ ብር ቅቡ ከፊት የሆነ ቢሆን ይመረጣል፤ ከኋላ የተቀባው ተራ መስተዋት ደብዛዛ ሁለተኛ ጥላ ያሳያል። ለዚህ የሚያስፈልገው ካርድ ሁለት ሞኒተር የሚያሠራ ማናቸውም ካርድ ነው፤ የተለየ መነጽርም ሆነ የተለየ ድራይቨር አይሻም። ሥራው ቢቀር እንኳ ሞኒተሮቹ ለሌላ ደንበኛ ይሸጣሉ።

ከማዘዝ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው

እንግዲህ አስመጪው ለእንዲህ ያለው ዕቃ ኤል ሲ ከመክፈቱ በፊት፥ ሻጩ ኩባንያ የሚከተሉትን በፕሮፎርማው ላይ በጽሑፍ እንዲገልጽለት ቢያደርግ መልካም ነው።

1ኛ/ ዕቃው ከየትኛው ካርድና ከየትኛው የዊንዶውስ ዓይነት ጋር ይሠራል?
2ኛ/ የሚያገናኘው ገመድ ምን ዓይነት ነው? ከሣጥኑ ጋር አብሮ ይመጣልን?
3ኛ/ ሠሪው ድራይቨሩን እስከ መቼ ለማደስ ግዴታ ይገባል? ከዚያ በኋላስ ዕቃው በሌላ ፕሮግራም ሊሠራ ይችላልን?
4ኛ/ መነጽሩ፥ ባትሪውና ምልክት ሰጪው እንደ መለዋወጫ ለየብቻ ይገኛሉን?
5ኛ/ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ሊያይበት ይችላል?
6ኛ/ ሞኒተሩ የስቴሬዎስኮፕ ሥራ ቢቀር እንደ ተራ ሞኒተር ያገለግላልን?

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው። ለዚህ ጥያቄ በጽሑፍ መልስ ካልተገኘ፥ የትእዛዙ መጠን በአጭር ጊዜ ሊሸጥ ከሚችለው አይብለጥ። «አንድ ዓይና በአፈር አይጫወትም» ይባላል፤ የውጭ ምንዛሪውም እንዲሁ በጥንቃቄ የሚያዝ ነው። አሥር ሣጥን ከማዘዝ በፊት አንዱን አስመጥቶ፥ በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ተክሎ፥ በሱቁ መብራት ሥር በራስ ዓይን ማየት ይበጃል። በዚያ አንድ ሣጥን ላይ የሚወጣው ገንዘብ፥ ለቀሩት ዘጠኙ የሚከፈል መድን ነው።